የቻይና ቤቱ ሁለት ጉርሻ

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። አንባቢ ኋላ ደፋር መስዬ እንዳልታየው ይህን አስቀድሜ ልናገር። የቀበሌ ጥሩምባ ያስፈራኛል፤ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ያስፈራኛል፤ የማላውቀው ሰው በሬን ሲያንኳኳ ጓዳ ገብቼ እሸሸጋለሁ። ፊደል የቆጠርሁት ልጆቼን ወልጄ ካሳደግሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ዛሬም ስጽፍ አንዳንዱን ፊደል ከንፈሬን እያንቀሳቀስሁ ነው የምፈልገው። ማጀት ከገባሁ ግን ማንንም አልፈራም። ድስቱ ተከድኖ ሳለ ውስጡ ያለውን ከደጅ ሆኜ አሽትቼ እናገራለሁ። ሽንኩርቱ ሊያርር ሲል፣ ቅቤው ሲሰነብት፣ ሥጋው የወይፈን ይሁን ያረጀ በሬ፣ ሁሉንም አውቀዋለሁ። በዚህ የተማመንሁ ሴት ነኝ ሞጣ ላይ ጉድ የሆንሁት።

ነገሩ የሚነሣው ከልጄ ነው። ወንዱ ልጄ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ በኤንትሬ የጭነት መኪና ተጭኖ ከቢቸና የሄደ ቀን እኔ ቤቴ አልተመለስሁም። በዚያው እግሬ ደብረ ወርቅ ሄድሁ። እመቤቴ ፊት ቆሜ፣ "ልጄን በሕይወት አምጪልኝ፤ እሱን ይዤ እዚሁ ደጅሽ መጥቼ ስለቴን እስካደርስ ድረስ ቤቴ ሥጋ አይቀምስም፣ ቅቤም፣ ወተትም፣ እንቁላልም" ብዬ ተሳልሁ። ማንንም አላማከርሁም። ተመልሼ ለባለቤቴ ስነግራቸው ዳዊታቸውን አጥፈው አዩኝ። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሰውን ሲያዩ ቃል የሚመዝኑ ይመስላሉ።

"እኔንም ጨምረሽ ነው የተሳልሽው?"

"ቤቴ ነው ያልሁት።"

"እኔ ቤት ነኝ?"

"የቤቱ ምሰሶ ነዎት።"

"እንግዲህ ምሰሶ ሥጋ ሲበላ ታይቶ አያውቅም" ብለው ዳዊታቸውን ገለጡ። ነገሩ በዚሁ አለቀ። ሴቷ ልጄ ያን ጊዜ ሞጣ ተመድባ ታስተምር ነበር። እሷም፣ "እኔም የቤቱ ነኝ" ብላ ላከችልኝ። እንዲህ ሆነን ሁለት ዓመት አለፈ፤ ሦስተኛውንም ተያያዝነው። ቅቤ የነካውን ድስት በሙሉ ለእኅቴ ሰጥቼ ከገበያ አዲስ ገዛሁ። ወጡን በኑግ ዘይት አደረግሁት።

በጾም ወራት ከሰው እኩል ነን፤ ማንም አያውቅብንም። ጭንቁ በፍስኩ ነበር፤ ይልቁንም ከትንሣኤ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ጊዜ። ባለቤቴ ድግስ ተጠርተው ሽሮ ብቻ ሲበሉ የሚያዩ ካህናት፣ "የኔታ፣ ጌታ ተነሥቷል እኮ፤ አልሰሙም?" እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እሳቸው፣ "እኔስ ሰምቻለሁ፤ ባለቤቴ ናት ያልሰማችው" ይሏቸዋል። የነፍስ አባታችን እንኳ ግራ ገብቷቸው ነበር። ኋላ ግን፣ "ከጠዋት ጀምራችሁ እስከበላችሁ ድረስ ጾም አይባልም፤ ስለት ነው፤ ጠብቁት" አሉን።

እኔ ስለቱን በእጄ እንደያዝሁት እንቁላል ነበር የማየው። ከተሰበረ ልጄ የሚሞት ይመስለኝ ነበር። ማንም እንዲህ ብሎ አላስተማረኝም፤ እኔ ነኝ ለራሴ ያስተማርሁት። ምሽግ ውስጥ ተኝቶ ሳለ እኔ እዚህ አንድ ማንኪያ ቅቤ ብቀምስ፣ እዚያ የሆነ ነገር ይወድቅበታል። እንዲህ ነው የማስበው።

የልጄ ደብዳቤ የሚመጣው በእኅቱ ትምህርት ቤት አድራሻ ነበር። ሴቷን ልጄን፣ "እኔ በሌለሁበት የእሱን ደብዳቤ ብትከፍቺ እናትሽ አይደለሁም" ብዬ አስምያታለሁ። በዚያ ሃምሳ ቀን ውስጥ፣ ግንቦት ላይ፣ ከሞጣ በመጣች ነጋዴ ሴት፣ "ደብዳቤ ደርሷል፤ አልከፈትሁትም፤ ኑ" ብላ ላከች። በማግስቱ ቀበሌ ሄጄ የይለፍ ወረቀት ጠየቅሁ። ጸሐፊው፣ "የጉዞሽ ምክንያት?" ሲለኝ ባለቤቴን አየሁ፤ እሳቸው መለሱልኝ፤ "ልጅ ጥየቃ" አሉት። ወረቀቱን በመቀነቴ ቋጥሬ አውቶቡስ ተሳፈርን። ደብረ ወርቅ ስንደርስ በመስኮት ሆኜ ተሳለምሁና፣ "እስካሁን ጠብቄያለሁ፤ አንቺም ታውቂያለሽ" አልኋት።

ሞጣ ስንገባ ዐሥር ሰዓት አልፏል። የያዝነው በሶ መንገድ ላይ አልቋል። ልጄ አውቶቡስ ተራ ቆማ አገኘናትና ሦስታችንም ተላቀስን። ከዚያ፣ "ደብዳቤው ቤት ሳጥን ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ እራት ትበላላችሁ" አለች።

"የት ነው የምንበላው? የአንቺ ቤት?"

"እኔ ማጀት የለኝም እማዬ፤ የተከራየሁት አንዲት ክፍል ናት። የአከራዬ ሽሮ ደግሞ ቅቤ አለበት። ቻይና ቤት እንሄዳለን።"

"ቻይና ቤት?" አልሁ። እግሬ ቆመ።

አባቷ፣ "ቻይናዎች ሞጣ መጡ?" ብለው ጠየቁ።

"ቻይና የለበትም አባዬ። የዚሁ የሞጣ ሰው ነው። በጎንደር በኩል መንገድ ይሠሩ ለነበሩ ቻይናዎች ብዙ ዓመት ምግብ ሲያበስልላቸው ኖሮ ነው የመጣው። ሰዉ ነው ቻይና ቤት ያለው። በፍስክ ጊዜ ሥጋና ቅቤ የሌለበት ምግብ የሚሠራልኝ እሱ ብቻ ነው። ዓመት ሙሉ የበላሁት እዚያ ነው።"

"ድስቱስ? ሥጋ የሠራበት ድስት ቢሆንስ?"

"የእኔ ለብቻው ነው፤ እጀታው ላይ ጨርቅ አስሮበታል።"

ስለ ድስት ይህን ያህል መልስ ያላት ልጅ እኔ የወለድኋት መሆኗን አይቼ ትንሽ ልቤ ረጋ።

ቤቱ ቆርቆሮ ክዳን ያለው አንድ ሰፊ ክፍል ነው። እንደማንኛውም ምግብ ቤት የሊቀመንበሩ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ከጎኑ ጭጋግ የለበሰ ተራራ የተሳለበት ዓመቱ ያለፈ የቻይና ቀን መቁጠሪያ አለ። መምህራን፣ የእርሻ ቢሮ ሰዎች፣ አንድ ነጭ ጋዋኑን ሳያወልቅ የመጣ የጤና ረዳት ተቀምጠው ይበላሉ። ባለቤትየው አጭር፣ ደልደል ያለ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ የጣለ፣ ወሬ የማያልቅበት ሰው ነው። የባለቤቴን ጥምጥም ሲያይ ጎንበስ ብሎ መስቀል ፈለገ።

"መስቀል አልያዝሁም፤ ቄስ አይደለሁም" አሉት። "የቅኔ መምህር ነኝ።"

"የኔታ ነዎታ! ቤቴ ተባረከ። የመምህርቷ ወላጆች ናችሁ፤ አውቃለሁ፤ ስለታችሁንም አውቃለሁ። ሥጋም ቅቤም አይነካችሁም፤ ለእኔ ተዉት።"

ልጄ ምግቡን አዝዛ፣ "ቤቴ ቅርብ ነው፤ ምግቡ እስኪቀርብ ደብዳቤውን ይዤ ልምጣ" ብላ ወጣች። ሰውየው ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ቀጫጭን የተላጠ እንጨት አስቀመጠልን። ባለቤቴ አንሥተው አገላበጡት።

"ይህ ለጥርስ ነው?"

"ቻይናዎች የሚበሉበት ነው የኔታ። ለማሳያ ነው የማቀርበው፤ እስካሁን በሱ የበላ የሞጣ ሰው የለም።"

ባለቤቴ በሁለቱ እንጨት የገበታውን ጠርዝ ቀስ አድርገው መታ መታ አደረጉ። "ለዜማስ ይሆናል" አሉ። የእርሻ ቢሮዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ያን ቀን ከሳቅሁት የመጨረሻው እሱ ነበር።

ምግቡ በእንጀራ ላይ መጣ። በአንድ ወገን በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ለብ ለብ የተደረገ ጥቅል ጎመንና ካሮት፣ በአንድ ወገን ክር የመሰለ ፓስታ፣ መካከሉ ላይ ደግሞ ጠየም ያለ፣ በዘይት ያብረቀረቀ፣ በቀጭን በቀጭኑ የተቆረጠ ነገር ከቃሪያ ጋር። ባለቤቴ ባርከው ጎመኑን ጀመሩ። እኔ ልጄን ልጠብቅ ብዬ እጄን ሰበሰብሁ።

ሰውየው አየኝና፣ "ለምን አይበሉም እናቴ? ይህ ምግብ ካልሞቀ ዋጋ የለውም" አለ።

"ልጄ ትምጣ።"

"ልጅዎ ሁልጊዜም ትበላዋለች። እርስዎ ነዎት እንግዳ። የመምህርቷ እናት ቤቴ መጥተው እኔ ሳላጎርስ? አይሆንም!" ብሎ እጁን ታጥቦ መጣ። ያን ጠየም ያለውን በእንጀራ ጠቅልሎ አፌ ድረስ አመጣው። እምቢ ማለት ነውር ነው። ጎረስሁ።

ሥጋ ነው።

ያውም የወይፈን ሥጋ፣ ጅማቱ ተመርጦ የወጣለት፣ ለስላሳ። ጥርሴ ሲነክሰው መልሶ ጥርሴን ገፋ አደረገው፤ ከሁለት ዓመት በላይ የረሳሁት ነገር ወደ ምላሴ ተመለሰ። አፌ ውስጥ ያለውን ልትፋ ወይስ ልዋጥ ስል ወረደ። ሰውየው ሁለተኛውን ጉርሻ ጠቅልሎ ፊቴ አድርሶታል። አንድ አጉርሶ መተው በእኛ ዘንድ አይሆንም፤ እሱም ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፍ። ጊዜ ነበረኝ። እጄን አንሥቼ "ቆይ" ማለት እችል ነበር። ለሁለተኛው ጉርሻ ይሉኝታ ይዞኝ ነው ብል ማንም ያምነኛል። ነገር ግን ጣፍጦኝ ነው። ሥጋ መሆኑን ልቤ አውቆ፣ አፌን ከፈትሁ።

ያን እየዋጥሁ ሳለ ልጄ በበሩ ገባች። ደብዳቤው በእጇ ነው፤ አውራ ጣቷን ፖስታው ጫፍ ላይ አድርጋለች።

"አትክፈቺው!" ብዬ ጮህሁ።

የጤና ረዳቱ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። ልጄ ባለችበት ቆማ፣ "ምን ሆንሽ እማዬ?" አለች።

"ሥጋ በላሁ። ስለቴን አፈረስሁት። አትክፈቺው፤ ከከፈትሽው ሞቷል!"

ባለቤቴ እጃቸውን ከገበታው አነሡ። ሰውየው ፎጣውን ከአንገቱ አውርዶ፣ "ኧረ እናቴ፣ ስንዴ ነው!" አለ።

"ስንዴ?"

ልጄ ሳቅ አመለጣት። "እማዬ፣ እውነቱን ነው። ሊጥ ነው። እኔ ዓመት ሙሉ እበላዋለሁ።"

"የወለድሁሽ እኔ! ጡት ያስጣልሁሽ እኔ! ዛሬ ሥጋ ምን እንደሆነ ልታስተምሪኝ ነው?" አልኋት። ለሰውየውም፣ "ስንዴ ከመቼ ወዲህ ነው ሥጋ ሥጋ የሚለው?" አልሁት።

የጤና ረዳቱ ከወዲያ፣ "እናታችን፣ ዛሬ እዚህ ቤት እንዲህ ያለ ሥጋ ቢኖርማ እኛ ጎመን ይዘን እንቀመጥ ነበር?" አለ። ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን እንባዬ መጣ።

ባለቤቴ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ቢሆንም እንኳ ሳታውቂ የበላሽው አይቆጠርብሽም" አሉኝ። ደግ ቃል ነበር። ለእኔ ግን ከሁሉ የከፋው እሱ ነው፤ የመጀመሪያውን ሳላውቅ በልቼ ይሆናል፤ ሁለተኛውን ግን አውቄ ነው። ይህን ለእሳቸው መናገር አልቻልሁም። ስለዚህ የምችለውን አደረግሁ። ነጠላዬን አጣፍቼ ታጠቅሁና ለሰውየው፣ "ማጀትህን አሳየኝ" አልሁት። "ስንዴ ከሆነ ስንዴውን አሳየኝ። እስከዚያ ደብዳቤው አይከፈትም።"

"ኑ፤ ይግቡ" አለ። ቅር አላለውም፤ እንዲያውም ደስ ሳይለው አልቀረም።

ማጀት ስገባ ፍርሃቴ ከደጅ የቀረ መሰለኝ። ገና ከበሩ አሸተትሁ፤ ኑግ ዘይት፣ ዝንጅብል፣ የተቃጠለ ስኳር። ድስቶቹን አንድ በአንድ አነሣሁ። ጨርቅ የታሰረበትን መጥበሻ አገኘሁትና አፍንጫዬ ድረስ አስጠግቼ መረመርሁት። በቆሻሻ መጣያው ውስጥ እንኳ አጥንት ፈልጌ አጣሁ። ጥግ ላይ በሳፋ ውስጥ ጠንከር ብሎ የተቦካ የስንዴ ሊጥ ተከድኖ ተቀምጧል።

"ይህ ነው ሥጋው" አለ።

"ይህማ ዳቦ ነው።"

"እጅዎን ይታጠቡና ይጠቡት።"

"ምኑን?"

"ሊጡን ነዋ።"

"ሊጥ ይታጠባል እንዴ! ታጥቦ ያልቅ የለም?"

"እርስዎ ይጠቡት እንጂ።"

ውሃ አፈሰሰልኝ። ሊጡን ውሃ ውስጥ አድርጌ ማሸት ጀመርሁ። ውሃው ወተት መሰለ። ሊጡ በጣቶቼ መካከል እየተበተነ ሊያልቅ ሲል፣ ያ የእህል ውሃ ሲደፋ ሳይ ሆዴ አዘነ። ሰውየው ደፍቶ ሌላ ውሃ ጨመረ። "አሁንም" ይለኛል። ሦስተኛው ውሃ ላይ የተበተነው መልሶ መያያዝ ጀመረ። አራተኛው ላይ ውሃው ጠራ። በእጄ ውስጥ የቀረው ያ ሊጥ አይደለም። ግራጫ፣ እንደ ሳንባ የለዘበ፣ ስጎትተው እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ፣ ስለቀው ወደ ቦታው የሚመለስ ሌላ ነገር ነው።

"ቻይናዎቹ ሰፈር ሥጋ ሲጠፋ ይህን ይሠሩ ነበር" አለ ሰውየው። "መጀመሪያ ሳይ እኔም ደንግጬ ነበር። ዓርብ ዕለት ሥጋ ያበሉኝ መስሎኝ ሁለት ቀን ኩርፊያ ገባሁ። ኋላ እጄን ይዘው አሳጠቡኝ።"

ቀቀለው፤ በቀጭኑ ቆረጠው፤ በዚያው ጨርቅ በታሰረበት መጥበሻ በዘይት፣ በዝንጅብልና በተቃጠለ ስኳር አገላበጠው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዐይኔን ከእጁ ላይ አልነቀልሁም። አንዱን አንሥቼ ቀመስሁ። ያው ነው። ያው የወይፈን ሥጋ። የገዛ እጄ ያጠበው ስንዴ!

ዞር ስል ባለቤቴ በሩን ይዘው ቆመዋል፤ ሲያዩ ነበር። "ሰሙ በውሃው ሄደ፤ ወርቁ በእጅሽ ቀረ" አሉ። ለተማሪዎቻቸው ሲናገሩ ነው እንዲህ ያለ ድምፅ የሚያወጡት።

ለሰውየው፣ "ይቅር በለኝ ልጄ፤ ስምህን አጠፋሁ" አልሁት።

"ምን አጠፉ? ነገ ሞጣ ሙሉ፣ የቢቸና ሴት ቀምሳ ሥጋ ነው ብላ አለቀሰች እያለ ይመጣልኛል" ብሎ ሳቀ።

ወጥተን ተቀመጥንና፣ "በይ ክፈቺው" አልኋት። ከፈተች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችልን። እግሩን ተመትቷል። ከጉልበቱ በታች ነው። ሆስፒታል ተኝቷል፤ እግሩ አልተቆረጠም። ሐኪሞች በቦርድ ታይተህ ሳትሰናበት አትቀርም ብለውታል። "እማዬ እንዳትደነግጥ ቀስ ብለሽ አንብቢላት" ይላል። ልጄ ይህንንም ሳትዘል አነበበችው። ወረቀቱን ተቀብያት ያቺን መስመር ራሴ በጣቴ እየተከተልሁ አነበብኋት። "ቀስ ብለሽ" የምትለው ላይ ብዙ ቆየሁ።

ደብዳቤው የተጻፈው ከዚያ እራት ከብዙ ሳምንት በፊት ነው። እግሩን የመታው የእኔ ጉርሻ አለመሆኑን ልቦናዬ ያውቃል። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ "ቁስሉ ቢያመረቅዝስ? ቦርዱ ባይለቀውስ? ያ ሁለተኛው ጉርሻ ነው" እያልሁ ነው የኖርሁት። ሊጥ መሆኑ ተረጋግጦልኛል። እኔ ግን አፌን የከፈትሁት ለሊጥ አልነበረም።

ቢቸና ተመልሼ ሙያውን ያዝሁት። መጀመሪያ በጤፍ ሞክሬ ሙልጭ ብሎ በውሃው ሄደብኝ፤ ከዚያ ወዲህ ከስንዴ አልወጣሁም። ሲጠበስ ሽታው ሰፈር ደረሰና አንዲት ጎረቤቴ አጥር ላይ ተንጠራርታ፣ "ስለቱን ፈታሽው እንዴ? ልጁ ሳይመጣ?" አለችኝ። "ነይ እጠቢ" አልኋት። መጥታ አጠበች። ከዚያ በኋላ ሌሎችም መጡ። ለአንድ ጊዜ እንኳ በሰፈሬ የምፈራ ሳልሆን የምጠየቅ ሴት ሆንሁ።

ልጄ የመጣው በሐምሌ ነው። የሐዋርያት ጾም ተፈትቶ፣ ፍልሰታ ገና ሳይገባ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ እኅቱም ቤት ነበረች። አውቶቡሱ በጭቃ ዘግይቶ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። በምርኩዝ ወረደ። የሄደው ልጅ ነበር፤ የመጣው ጢም ያለው ሰው ነው። ስሜ ስሜ አልጠግብ አልሁ። አባቱ እጁን ይዘው አልለቅ አሉ።

ቤት ገብተን አረፍ ካለ በኋላ ጠዋት ያጠብሁትን ጠብሼ አቀረብሁ። በእንጀራ ጠቅልዬ አጎረስሁት። ጎረሰ። አኘከ። ከዚያ ማኘኩን አቆመና አየኝ፤ አባቱንም አየ። ዋጠው። እኔ ሁለተኛውን ጠቅልዬ አፉ ድረስ አድርሻለሁ።

አፉን ዘጋ።

"እንካ እንጂ" አልሁት። "የእናትህን እጅ ትመልሳለህ?"

"እማዬ፣ ስለቱ ሳይደርስ?"

"የቱ ስለት?"

"እኅቴ ጽፋልኛለች። ደብረ ወርቅ እስክንሄድ ድረስ እዚህ ቤት ሥጋ እንደማይበላ አውቃለሁ። ግንባር ያቀረቡልኝን ሁሉ በልቻለሁ፤ ምንም አላስቀረሁም። እዚህ ቤት ግን ለእኔ ተብሎ ከተያዘ፣ እኔ አላፈርሰውም። ይቅር በይኝ፤ አልጎርስም።"

እኅቱ ከሳቋ ብዛት መሬት ተቀመጠች። "ሊጥ ነው! አንተም!"

"ሥጋ አላውቅም እንዴ?" አላት። አነጋገሩ የእኔው ነው፤ አገጩን ቀና አድርጎ።

እኔ አልሳቅሁም። ጉርሻው በእጄ እንዳለ ተቀመጥሁና ለሁለት ወር ሆዴ ውስጥ የያዝሁትን ተናገርሁ። "አንተ በሁለተኛው አፍህን ዘጋህ" አልሁት። "እኔ ሞጣ ላይ ሥጋ መስሎኝ፣ ሥጋ መሆኑን ልቤ እያወቀ፣ ሁለተኛውን ተቀብያለሁ። ጣፍጦኝ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርሁም። አንተ እስክትመጣ ድረስ በዚያ ጉርሻ የተነሣ የማትመጣ እየመሰለኝ ነው የኖርሁት።"

ባለቤቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አውቄ ነበር" አሉ።

"ምኑን?"

"አጠገብሽ ተቀምጬ የለም? ሁለተኛውን ስትጎርሺ ዐይንሽን ጨፍነሽ ነበር። ሽሮ ስትበዪ ዐይንሽን ጨፍነሽ አታውቂም።"

"ታዲያ ስለምን ዝም አሉኝ?"

"ራስሽ እስክትነግሪኝ ብዬ ነው። ልጁም እንደምታይው መጥቷል። ነገ ደብረ ወርቅ ስንሄድ ለነፍስ አባትሽ ትነግሪያቸዋለሽ፤ ከዚያ በኋላ ይበቃሻል።" ወደ ምግቡ እያዩም፣ "በይ አሁን ይህ ልጅ ተርቧል" አሉ።

ልጄ ግን አሁንም አፉን አልከፈተልኝም። "ሊጥ ከሆነ አሳዩኝ" አለ። የማን ልጅ ነው!

ተነሥቼ ነጠላዬን አጣፍቼ ታጠቅሁ። ሳፋውን ፊቱ አስቀመጥሁ፤ ጠዋት ካቦካሁት የተረፈውን ሊጥ ውሃ ውስጥ ከተትሁት። ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ያይ ጀመር። ውሃው ነጣ። ደፍቼ ሌላ ጨመርሁ። አራተኛው ውሃ ሲጠራ፣ ያን ግራጫ ነገር ጎትቼ ለቀቅሁትና ወደ ቦታው ሲመለስ አሳየሁት።

"አየህ?"

"አየሁ" አለ።

ጠብሼ፣ በእንጀራ ጠቅልዬ አቀረብሁለት። ሁለተኛውን ጉርሻ ያን ጊዜ ተቀበለኝ።